ሰፊ ሆነው ሳይታዩ የኖሩ፦ በክላስተሮች ውስጥ ስላሉት የሳሱ ጋላክሲዎች

በባለፈው እትም ስለ ኮማ የጋላክሲ ክላስተር፣ ማለትም በስበት ተያይዘው ስለሚኖሩ የብዙ ጋላክሲዎች ስብስብ፣ ያወጣነው ጽሑፍ በዚያ ክላስተር ውስጥ እጅግ ደብዛዛ የሆኑ፣ ከዋክብታቸው ተራርቀው የተበተኑ ጋላክሲዎች መኖራቸውን በአንድ አንቀጽ ብቻ ጠቅሶ አልፎ ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ያተኮሩት በዚያች አንቀጽ ላይ በመሆኑ የዚህ ወር ዓምዳችንን በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በሐዋሳ የፊዚክስ መምህር ነኝ። በስፋታቸው ከእኛው ሚልኪ ዌይ ጋር የሚቀራረቡ፣ የከዋክብታቸው ብዛት ግን አንድ መቶኛውን እንኳ የማይሞላ ጋላክሲዎች በኮማ ክላስተር ውስጥ እንዳሉ ጽፋችኋል። ይህ ክላስተር ለብዙ አሥርት ዓመታት በታላላቅ ቴሌስኮፖች ሲመረመር የኖረ ነው። ይህን ያህል ሰፊ የሆነ ነገር እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ እንዴት ሊሰወር ቻለ?

መልስ፦ መምህር፣ ስፋት ብቻውን አንድን ጋላክሲ እንዲታይ አያደርገውም። ለቴሌስኮፕ ወሳኙ ነገር ከሰማዩ ከእያንዳንዷ ትንሽ ቁራሽ የሚመጣው የብርሃን መጠን ሲሆን፣ ይህም የገጽ ድምቀት ይባላል። አንድ ቁና ጤፍ በእንቅብ ተሞልቶ ሲቀመጥ ከሩቅ ይለያል፤ ያው ቁና በሰፊ አውድማ ላይ ቢበተን ግን አንዲት ፍሬ እንኳ ሳትጎድል ከአፈሩ ጋር ተመሳስሎ ይቀራል። የሳሱ ጋላክሲዎች የገጠማቸው ይኸው ነው፤ ያላቸው ጥቂት ብርሃን በሰፊ ቦታ ላይ ስለተሰራጨ ከበስተጀርባቸው ካለው ሰማይ ተለይቶ ሊታይ አልቻለም።

ልዩነቱን በቁጥር ለማስቀመጥ ያህል፣ ተመራማሪዎች አንድን ጋላክሲ ከዚህ ወገን የሚመድቡት ከብርሃኑ ግማሹን የሚይዘው ክበብ ራዲየስ ከ1.5 ኪሎ ፓርሴክ፣ ማለትም ከ5,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ሲበልጥ፣ የመሐሉ ድምቀትም በአረንጓዴው የብርሃን ማጣሪያ በካሬ አርክ ሰከንድ ከ24 ማግኒቲዩድ የደከመ ሲሆን ነው። ማግኒቲዩድ የድምቀት መለኪያ፣ አርክ ሰከንድ ደግሞ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ሲሆን፣ በማግኒቲዩድ ሚዛን ቁጥሩ ባደገ መጠን ብርሃኑ እንደሚደክም ያውቃሉ። ከከተማ በራቀና ጨረቃ በሌለበት ሌሊት እንኳ ሰማዩ ራሱ በካሬ አርክ ሰከንድ 22 ማግኒቲዩድ ገደማ ያበራል፤ የላይኛው ከባቢ አየር ደካማ ፍካት፣ በፕላኔቶች መካከል ያለው አቧራ የሚያንጸባርቀው የፀሐይ ብርሃንና የሌሎች ከዋክብት ጭላንጭል ተደምረው ይህን ይፈጥራሉ። የመሐል ድምቀቱ ከ24 እስከ 26 ማግኒቲዩድ የሆነ ጋላክሲ እንግዲህ በጣም ደማቅ በሆነው ክፍሉ እንኳ ከሌሊቱ ሰማይ ከ6 እስከ 40 ጊዜ ያህል የደበዘዘ ነው። ወደ ዳርቻው ሲኬድ ደግሞ ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ ያልፋል።

የጋላክሲ መዝገቦች የተዘጋጁት በአመዛኙ ከዚህ ዳራ በግልጽ ጎልተው ከወጡ አካላት ነው። ማይክል ዲዝኒ የተባሉት ሳይንቲስት ገና እ.ኤ.አ. በ1976 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ የምናውቃቸው ጋላክሲዎች ተመሳሳይ ድምቀት ያላቸው የሚመስሉት ተፈጥሮ እንዲያ ስለሠራቻቸው ሳይሆን ሰማዩ ሌሎቹን ስለሚሸፍንብን ሊሆን እንደሚችል አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው መሠረት እንዳለው ያሳዩ ማስረጃዎች ለመምጣት ብዙ አልዘገዩም። እ.ኤ.አ. በ1984 አለን ሳንዴጅና ብሩኖ ቢንገሊ በቺሊ ላስ ካምፓናስ በተነሡ የፎቶግራፍ መስታወቶች ላይ የቨርጎን ክላስተር ሲመረምሩ እጅግ ሰፊና ደብዛዛ የሆኑ ድንክ ጋላክሲዎችን ለይተው ገለጹ። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ዴቪድ ማሊን የተባሉት የፎቶግራፍ ሊቅ ደካማ ምስሎችን ለማጉላት ባዳበሩት ዘዴ በመታገዝ ማሊን 1 ተብሎ የተሰየመው ግዙፍ ደብዛዛ ጋላክሲ ተገኘ። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2015 አዲስ የሆነው የእነዚህ ጋላክሲዎች መኖር ሳይሆን በአንድ ክላስተር ውስጥ ያላቸው ብዛት ነው።

ብዛታቸውን ያጋለጠው መሣሪያ ድራገንፍላይ ይባላል። የዬል ዩኒቨርሲቲው ፒተር ቫን ዶክምና የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሮቤርቶ አብርሃም ግዙፍ መስታወት ከመሥራት ይልቅ ስፖርት ፎቶ አንሺዎች የሚጠቀሙባቸውን 400 ሚሊ ሜትር የካኖን ሌንሶች ከገበያ ገዝተው፣ ሁሉም ወደ አንድ የሰማይ ክፍል እንዲያነጣጥሩ አድርገው በኒው ሜክሲኮ ተከሉ። በ8 ሌንሶች ሲሠራ የነበረው ይህ መሣሪያ በኋላ ወደ 48 አድጓል። እዚህ ላይ ጥበቡ የሚገኘው ብርሃን ከመሰብሰብ ይልቅ የማይፈለግ ብርሃን ከማስወገድ ነው። በተለመደው የመስታወት ቴሌስኮፕ ውስጥ ሁለተኛው መስታወትና የተሸከሙት ዘንጎች በብርሃኑ መንገድ ላይ ስለሚቆሙ የደማቅ ከዋክብት ብርሃን ተበትኖ በምስሉ ላይ ደካማ ጉም ያለብሳል፤ ጉሙም የሳሳ ጋላክሲን ሊመስል ወይም ሊሸፍን ይችላል። በሌንሶቹ ፊት ምንም የሚከልል ነገር የለም፤ በላያቸው የተቀባው እጅግ ረቂቅ ሽፋንም በውስጥ የሚንጸባረቀውን ብርሃን በእጅጉ ይቀንሳል።

በዚህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2015 በኮማ አቅጣጫ 47 የሳሱ ጋላክሲዎች ተገኙ። ግኝቱን ተከትሎ በዚያው ዓመት የጂን ኮዳ ቡድን በሃዋይ የሚገኘው ባለ 8.2 ሜትር ሱባሩ ቴሌስኮፕ ቀደም ሲል ያነሣቸውን ምስሎች ከመዝገብ አውጥቶ እንደገና ሲፈትሽ በኮማ ውስጥ 854 አገኘ። በእኔ ግምት ከመጀመሪያው ግኝት ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ጋላክሲዎቹ በተቀመጡት ምስሎች ላይ ታትመው ሳለ ሰፊና ደብዛዛ ነገር ለመፈለግ የተነሣ ሰው ስላልነበረ ሳይቆጠሩ ኖረዋልና። የምስል ማቀነባበሪያ ፕሮግራሞችም ብዙ ጊዜ የሰማዩን ዳራ ለማስተካከል ሲሉ እንዲህ ያለውን ደካማ ብርሃን እንደ ሰማይ ቆጥረው ይቀንሱታል።

ጥያቄ፦ ክላስተር ማለት ብዙ ጋላክሲዎች በከፍተኛ ፍጥነት የሚተላለፉበት ስፍራ ከሆነ፣ እንዲህ የሳሳ ጋላክሲ እንዴት ሳይበጣጠስ ይኖራል? ጨለማ ቁስ ይዞት ነው የሚባለውስ የተረጋገጠ ነው?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ስጋትዎ ትክክለኛ ነው። ከእኛ 330 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ በሚርቀው በኮማ ክላስተር ውስጥ ከ1,000 የሚበልጡ ጋላክሲዎች በሰከንድ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ፍጥነት ይመላለሳሉ። የክላስተሩ ጠቅላላ ስበት በአንድ ጋላክሲ ቅርብና ሩቅ ጎኖች ላይ እኩል ስለማያርፍ ጋላክሲውን ይለጥጠዋል። ጨረቃ ውቅያኖሶቻችንን የምታንቀሳቅሰው በዚሁ ዓይነት ኃይል ነው። ከዋክብቱ ብቻ የሚሰጡት ስበት ይህን መለጠጥ ለመቋቋም በፍጹም አይበቃም። ስለዚህ የ2015ቱ ጥናት ገና ምንም ፍጥነት ሳይለካ፣ እነዚህ ጋላክሲዎች ወደ ክላስተሩ መሐል ዘልቀው ሳይፈርሱ የኖሩ ከሆነ በውስጣቸው ካለው ቁስ ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው የማይታይ፣ በስበቱ ብቻ የሚታወቀው ጨለማ ቁስ መሆን አለበት የሚል ስሌት አቅርቦ ነበር። ጨለማ ቁስ ለሚለው ሐሳብ ከመነሻዎቹ አንዱ ኮማ ክላስተር መሆኑንም ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ፍሪትዝ ዝዊኪ እ.ኤ.አ. በ1933 የዚህን ክላስተር ጋላክሲዎች ፍጥነት አስልተው የሚታየው ቁስ ብቻውን ሊያያይዛቸው እንደማይችል የደረሱበት እዚሁ ነው።

ስሌቱን በልኬት ለመፈተን የተመረጠው ከ47ቱ ጋላክሲዎች አንዱ የሆነው ድራገንፍላይ 44 ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በሃዋይ ባለ 10 ሜትሩ ኬክ ቴሌስኮፕ ለ33 ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ከተሰበሰበ በኋላ ከዋክብቱ በአማካይ በሰከንድ 47 ኪሎ ሜትር በሆነ ፍጥነት እንደሚባዝኑ ተዘገበ። ከዋክብት ከጋላክሲያቸው ሳያመልጡ በፈጠኑ መጠን የሚይዛቸው ስበት የበረታ መሆን ስላለበት፣ ከዚህ ተነሥቶ ድራገንፍላይ 44 ክብደቱ ከሚልኪ ዌይ ጋር የሚስተካከል፣ ከዋክብቱ ግን መቶኛ ያህል ብቻ የሆነ ጋላክሲ ነው ተባለ፤ ዜናውም በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ቡድን በዚያው ቴሌስኮፕ ላይ በተተከለ የተሻለ መሣሪያ ደግሞ ሲለካው ፍጥነቱ ወደ 33 ኪሎ ሜትር ወረደ። ክብደት ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ስለሚሄድ ይህ ለውጥ በጋላክሲው ውስጠኛ ክፍል ያለውን የክብደት ግምት በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ስለ ጠቅላላው ክብደት የተባለው ደግሞ ከዚያም በላይ ዝቅ ይላል።

ሌላው መለኪያ በጋላክሲው ዙሪያ የሚገኙት ሉላዊ የከዋክብት ክምችቶች ብዛት ነው። እነዚህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ያረጁ ከዋክብት በኳስ መልክ የተጨናነቁባቸው ስብስቦች ሲሆኑ፣ በሚልኪ ዌይ ዙሪያ ከ150 በላይ ይገኛሉ። ብዛታቸው ከጋላክሲው ጠቅላላ ክብደት ጋር፣ የማይታየውን ጨምሮ፣ አብሮ እንደሚያድግ ከሌሎች ጋላክሲዎች ታውቋል። ለድራገንፍላይ 44 በመጀመሪያ ወደ 100 የሚጠጉ ክምችቶች ተቆጠሩለት፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ግን 20 ገደማ ብቻ ናቸው አለ። የልዩነቱ ምክንያት ቴክኒካዊ ይመስላል፤ ከሩቅ ነጥብ መስሎ የሚታየውን ክምችት ከኋላ ካሉ ትናንሽ ጋላክሲዎች እንዴት እንለየው፣ ክምችቶቹስ ከጋላክሲው መሐል እስከ የት ድረስ ተሰራጭተዋል ተብሎ ይታሰብ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ የተመሠረተ ነው። ነገር ግን መልሱ አንድን ጋላክሲ ከግዙፎች ተርታ አውጥቶ ከድንኮች ጋር ያሰልፈዋል።

ለጥያቄዎ ቀጥተኛው መልስ እንግዲህ ሁለት ክፍል አለው። የወረደው ፍጥነት እንኳ ከዋክብቱ ብቻቸውን ሊፈጥሩት ከሚችሉት በብዙ ስለሚበልጥ ድራገንፍላይ 44ን በአብዛኛው ጨለማ ቁስ እንደያዘው አጠራጣሪ አይደለም። የሚልኪ ዌይን ያህል ይከብዳል የሚለው አባባል ግን ከመጀመሪያው ልኬት ጋር አብሮ የተዳከመ ስለሆነ አሁንም እንደ እውነት ሲደገም ሲያዩ በጥርጣሬ ቢቀበሉት ይሻላል። በተጨማሪም ሁሉም ተርፈዋል ማለት አይደለም፤ በኮማም ሆነ በሌሎች ክላስተሮች የሳሱ ጋላክሲዎች በመሐሉ አካባቢ አይገኙም ማለት ይቻላል። የክላስተሩ ስበት እጅግ በሚበረታበት ስፍራ አለመገኘታቸው ብዙዎቹ እዚያ ሲደርሱ እንደሚፈርሱ ያመለክታል። የፈረሱት ከዋክብት በጋላክሲዎቹ መካከል ባለው ሕዋ ተበትነው ደካማ ብርሃን ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እነዚህ ጋላክሲዎች እንዲህ የሆኑት ክላስተሩ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው ወይስ ሲፈጠሩም እንዲሁ ነበሩ?
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። በእኔ አመለካከት ክርክሩ የሚረዝመው አንድ ምክንያት ለሁሉም እንዲሆን ስለሚፈለግ ነው።

ለክላስተሩ የሚመሰክረው የመጀመሪያው ነገር ቀለማቸው ነው። በክላስተር ውስጥ ያሉት ቀላ ያሉ፣ ክብ ቅርጽ ያላቸው፣ አዳዲስ ከዋክብት መውለድ ያቆሙ ናቸው። በክላስተር ጋላክሲዎች መካከል ያለው ባዶ የሚመስለው ቦታ በእውነቱ በአሥር ሚሊዮኖች በሚቆጠር ዲግሪ በጋለ ጋዝ የተሞላ ስለሆነ፣ አንድ ጋላክሲ በዚያ ውስጥ በሺህ ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲጓዝ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው ግፊት የራሱን ቀዝቃዛ ጋዝ ጠርጎ ይወስድበታል። ጋዝ የሌለው ጋላክሲ ኮከብ አይወልድም፤ የነበሩት ደማቅ ሰማያዊ ከዋክብት ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ ሲሞቱ ቀይና ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ጋዙ ሲሄድ ይዞት የነበረው ስበትም ስለሚቀንስ የቀሩት ከዋክብት ትንሽ ይራራቃሉ፤ የክላስተሩ መለጠጥም ይህን ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሬምኮ ቫን ደር በርግና ባልደረቦቻቸው 8 ክላስተሮችን አነጻጽረው የሳሱ ጋላክሲዎች ብዛት ከክላስተሩ ክብደት ጋር አብሮ እንደሚያድግ፣ በከባዶቹ ውስጥም እስከ 200 ገደማ እንደሚደርስ አሳይተዋል።

በአንጻሩ ከክላስተር ውጭ በብቸኝነት የሚኖሩም ተገኝተዋል። በፖርቶ ሪኮ የነበረው የአሬሲቦ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ባደረገው የሃይድሮጅን ጋዝ ቅኝት ውስጥ 115 ያህል እንዲህ ያሉ ጋላክሲዎች ተለይተዋል፤ እነዚህ ሰማያዊ፣ ቅርጻቸው ያልተስተካከለ፣ በጋዝም የበለጸጉ ናቸው። ክላስተር ያልነካቸው ስለሆኑ ስፋታቸው ከሌላ ምክንያት የመጣ መሆን አለበት። አንዱ ማብራሪያ ጋላክሲዎቹ ገና ሲፈጠሩ ከፍ ያለ ሽክርክሪት ስለነበራቸው ጋዛቸው ወደ መሐል ሊሰበሰብ አልቻለም የሚል ነው። ሌላው ማብራሪያ የሚያተኩረው በሱፐርኖቫዎች ላይ ነው፤ በትንሽ ጋላክሲ ውስጥ ከዋክብት በተደጋጋሚ ሲፈነዱ ጋዙን ወደ ውጭ እየገፉ ይመልሱታል፣ ስበቱም እየላላና እየጠበቀ ስለሚሄድ ከዋክብቱና ጨለማ ቁሱ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ይሰፋሉ። በኮምፒውተር የተሠሩ የጋላክሲ አፈጣጠር ምስለቶች ይህን ሂደት በግልጽ ያሳያሉ። እንዲህ የሰፋ ጋላክሲ በኋላ ወደ ክላስተር ሲወድቅ ጋዙን ተነጥቆ በኮማ እንደምናየው ይሆናል ማለት ነው።

አንድ ቡድን ብቻ ለዚህ ማብራሪያ አይገዛም፤ እርሱም ከከዋክብቱ ብዛት ጋር በማይመጣጠን ሁኔታ ብዙ ሉላዊ ክምችቶች ያሉት ነው። እነዚህን የ2015ቱ ጥናት አቅራቢዎች ትልቅ ለመሆን ጀምረው በመንገድ ላይ እንደቀሩ ጋላክሲዎች ይቆጥሯቸዋል፤ በመጀመሪያው ዘመን ክምችቶቹን በፍጥነት ሠሩ፣ ከዚያም ጋዛቸውን አጥተው የቀሩትን ከዋክብት ሳይወልዱ ቆሙ። እኔ አብዛኞቹ የሳሱ ጋላክሲዎች ተራ ድንክ ጋላክሲዎች ሆነው ከመጠን በላይ የሰፉ ናቸው ወደሚለው አዘነብላለሁ፤ ለጥቂቶቹ ግን ይህ ማብራሪያ ጠባብ ልብስ ይሆንባቸዋል።

ጥያቄ፦ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ እኖራለሁ። አንድ የሳሳ ጋላክሲ ጨለማ ቁስ ጨርሶ የለውም የሚል ዜና ከጥቂት ዓመታት በፊት ሰምቼ ነበር። ይህ ከላይ ከምትሉት ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ የሰሙት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለታወጀው ኤንጂሲ 1052-ዲኤፍ2 መሆን አለበት። ይህ ጋላክሲ በትልቅ ክላስተር ውስጥ ሳይሆን በአነስተኛ የጋላክሲዎች ቡድን አካባቢ ይገኛል። ተመራማሪዎቹ በዙሪያው ያሉትን 10 ሉላዊ ክምችቶች ፍጥነት ለክተው ስበቱ ከከዋክብቱ ብቻ ከሚጠበቀው የማይበልጥ ሆኖ አገኙት። ከአንድ ዓመት በኋላ ሌላ ቡድን ጋላክሲው ከ65 ሚሊዮን ሳይሆን ከ42 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ነው በማለት ተቃወመ፤ ቅርብ ከሆነ ከዋክብቱ ከታሰበው ያነሱ ስለሚሆኑ የተለካውን ፍጥነት ለማስረዳት ጨለማ ቁስ ያስፈልጋል። ክርክሩን ያሳጠረው ሃብል ቴሌስኮፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት ነጠላ ቀይ ግዙፍ ከዋክብቱን ለይቶ ርቀቱን 72 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት አድርጎታል፤ የመጀመሪያውም አቋም በዚህ ተጠናከረ። ከድራገንፍላይ 44 ጋር አይጋጩም፤ ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ጋላክሲዎች በውስጣቸው የተለያየ ነገር ሊይዙ እንደሚችሉ ያሳያሉ እንጂ። የኮማ ጋላክሲዎች ሁሉ በአንድ ክላስተር ውስጥ ስለሆኑ ርቀታቸው በአንድነት መታወቁ ከዚህ ዓይነቱ ክርክር ያድናቸዋል፤ ክላስተሮች ለዚህ ጥናት ተመራጭ የሆኑበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ ጋላክሲዎች አንዱን ከኢትዮጵያ ሆኖ በቴሌስኮፕ ማየት ይቻላል?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ በዓይን ተመልክቶ፣ በየትኛውም ቴሌስኮፕ ቢሆን፣ አይቻልም። ከሰማዩ የደበዘዘን ነገር ቴሌስኮፕ ሲያጎላው ሰማዩንም አብሮ ያጎላዋልና ልዩነቱ እንዳለ ይቆያል። የሚሻለው በካሜራ ለረጅም ሰዓት ብርሃን መሰብሰብና በርካታ ምስሎችን መደራረብ ነው። በእንጦጦ በ3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተተከሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች መስታወታቸው ለዚህ አያንስም፤ ችግሩ ከሥራቸው የተዘረጋችው አዲስ አበባ የምትረጨው ብርሃን ነው፤ የሰማዩን ዳራ ከፍ ባደረገው መጠን ደብዛዛው ሁሉ ይጠፋል።

ክላስተሮቹ ያሉበትን አቅጣጫ ግን በቀላሉ ያገኙታል። በግንቦት መጀመሪያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ፊትዎን አዙረው ወደ ላይ ከፍ አድርገው ቢመለከቱ፣ መብራት በሌለበት ቦታ ከሆኑ፣ የኮማ በረኒሴስ ከዋክብት ተበታትነው ይታዩዎታል፤ የኮማ ክላስተር ከእነርሱ ባሻገር በዚያው አካባቢ ነው። ቨርጎ ክላስተር ደግሞ ከዚያ ወደ ደቡብ፣ ወደ አናትዎ ቀረብ ብሎ ይገኛል፤ ኤም 87ን የመሳሰሉ ደማቅ አባላቱም በአነስተኛ ቴሌስኮፕ ይታያሉ።

የሳሱትን ራሳቸውን ለማየት ከፈለጉ በምስል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የመጠቀው የአውሮፓ ዩክሊድ ቴሌስኮፕ ከከባቢ አየር ፍካት ውጭ ሆኖ 240 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የሚርቀውን የፐርሲየስ ክላስተር አንሥቷል፤ በዚያ ምስል ውስጥ 1,100 ያህል ድንክ ጋላክሲዎች የተለዩ ሲሆን ከእነርሱ መካከል የሳሱም ይገኙባቸዋል። በቺሊ የሚገኘው የቬራ ሩቢን መመልከቻ በሰኔ 2025 ይፋ ያደረገው የቨርጎ አካባቢ ምስልም በኢንተርኔት በነፃ እየቀረቡ የሚያዩት ነው። ባለ 8.4 ሜትር መስታወቱ የደቡቡን ሰማይ ለ10 ዓመት እየደጋገመ እንዲያነሣ የታቀደ ሲሆን፣ ምስሎቹ በተደራረቡ ቁጥር ደካማው ብርሃን ከዳራው እየተለየ ይወጣል። ሲመለከቱ ከደማቆቹ ጠመዝማዛ ጋላክሲዎች መካከል ያለውን ባዶ የሚመስለውን ቦታ ቀረብ አድርገው ይዩ፤ ጠርዝ የሌለው፣ መሐሉ ከዳሩ እምብዛም የማይደምቅ ጭጋግ መሰል ክብ ካገኙ ምናልባት ከእነዚህ አንዱ ነው።